ዝናቡ ቤት ውስጥ ሲዘንብ

ሰው በገንዘብ ይጣላል፤ በርስት ይጣላል፤ በሚስት ይጣላል። እኔና ጓደኞቼ ግን ወደ አርባ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ስንጣላ የኖርነው በአንድ መጽሐፍ ነው። ያውም የአገራችን ሰው ባልጻፈው፣ ያውም የትም የማትገኝ ፕላኔት ታሪክ በሚተርክ መጽሐፍ። ባለቤቴ ቡናውን አቅርባ ስትቀመጥ ድምፃችን ከፍ ከፍ ማለቱን ስትሰማ «ዛሬም ያችው ፕላኔት ናት?» ትለናለች። አዎን፣ ያችው ናት።

መጽሐፉ «ሶላሪስ» ይባላል። ደራሲው ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሌም ሲሆን መጀመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ስለሆኑ አንባቢ በዚሁ ይያዝልኝ።) እስካሁን ሦስት ጊዜ ፊልም ሆኗል። በ1968 ቦሪስ ኒረንበርግ ለሶቪየት ቴሌቪዥን ሠራው። በ1972 አንድሬይ ታርኮቭስኪ ሠራውና ካን ላይ ትልቅ ሽልማት አገኘበት። በ2002 ደግሞ አሜሪካዊው ስቲቨን ሶደርበርግ ጆርጅ ክሉኒን ይዞ ሠራው። የእኛ ጠብ እንግዲህ የትኛው እውነተኛው ሶላሪስ ነው የሚል ነው። ላይ ላዩን ሲታይ ማለቴ ነው።

ለማያውቁት ታሪኩን ባጭሩ ላውጋ። ሶላሪስ አንዲት ቀይና አንዲት ሰማያዊ ፀሐይ ያሏት ፕላኔት ናት። ፊቷን የሸፈናት ውቅያኖስ ነው፤ ነገር ግን ውቅያኖሱ ውሃ አይደለም፤ ሕያው ነገር ነው። የሰው ልጅ ከመቶ ዓመት በላይ አጥንቶታል። ስለ እርሱ የተጻፈው ሁሉ ቤተ መጻሕፍት ይሞላል። ይሁን እንጂ ሰውና ውቅያኖሱ አንዲት ቃል እንኳ ተለዋውጠው አያውቁም። ክሪስ ኬልቪን የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ ከፕላኔቷ በላይ ወደተንሳፈፈው የምርምር ጣቢያ ሲደርስ ከሦስቱ ባልደረቦች አንዱ፣ ጊባሪያን፣ ራሱን አጥፍቶ ይጠብቀዋል። የቀሩት ሁለቱ ስናውትና ሳርቶሪየስ ክፍላቸው ውስጥ የሆነ ሰው ደብቀዋል። ኬልቪን ደክሞት ይተኛል። ሲነቃ አብራው ትኖር የነበረችው ሐሪ አጠገቡ ተቀምጣለች። ሐሪ ግን ከአሥር ዓመት በፊት ተጣልቷት ጥሏት በወጣ ጊዜ ራሷን በመርፌ የገደለች ሴት ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውቅያኖሱ ሰዎቹ ተኝተው ሳለ ልባቸውን ይበረብራል። ከዚያም እጅግ ያፈሩበትን፣ ወይም እጅግ የበደሉትን፣ ወይም ለማንም ያልነገሩትን ሰው ሥጋ አልብሶ ይልክላቸዋል። ስጦታ ይሁን፣ ቅጣት ይሁን፣ ፈተና ይሁን የሚያውቅ የለም። የመጣችው ሐሪ ልብሷን ልታወልቅ ብትል አይወልቅም። መክፈቻ የለውም፤ ሊቀደድ ግድ ሆነ። እኔ ይህችን ትንሽ ነገር ከመጽሐፉ ሁሉ አብልጬ እወዳታለሁ። ኬልቪን የሴትዮዋን ልብስ ያስታውሳል፤ እንዴት እንደሚቆለፍ ግን ልብ ብሎ አይቶ አያውቅም። ውቅያኖሱ የገለበጠው ልብሱን ሳይሆን ትዝታውን ነው።

ከመጽሐፉ ጋር የተዋወቅሁት ሌኒንግራድ ነው። እንደ ብዙዎቹ የዘመኔ ወጣቶች በ1984 መስከረም ላይ ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄድኩ። የመጀመሪያው ዓመት ሩሲያኛ መማሪያ ነበር። የምንኖርበት የተማሪዎች መኖሪያ በየፎቁ አንድ የጋራ ማብሰያ ቤት ነበረው። ቬትናሞቹ ሄሪንግ የተባለውን ጨው የበላ ዓሣ በዘይት ይጠብሳሉ፤ ሩሲያውያኑ አፍንጫቸውን ይዘው ይሮጣሉ፤ እኛ ከአዲስ አበባ በሰው የተላከች በርበሬ ቆጥበን ድንች ላይ እንነሰንሳለን። የሥነ ጽሑፍ ክበባችን ያ ማብሰያ ቤት ነበር።

ከመካከላችን አንዱ ፊዚክስ ይማር ነበር። ስሙም እስከ ዛሬ «ፊዚክስ» ሆኖ ቀርቷል። መጽሐፉን ድሚትሪ ብሩስኪን ወደ ሩሲያኛ በተረጎመው ቅጂ ያገኘው እርሱ ነው። ሽፋኑ ተገንጥሎ በጋዜጣ ተለብጦ ነበር። «እንካ» አለኝ፤ «ይኼ እንደምታውቃቸው የኮከብ መርከብ ተረቶች አይደለም። ይኼ ስለማናውቀው ነገር እንዴት እንደማናውቅ የሚያስተምር ነው»። መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ ሦስት ሳምንት ፈጀሁበት። የውቅያኖሱን ቅርጾች የሚዘረዝረውን ምዕራፍ ዘልዬው አለፍኩ። ፊዚክስ ይህን ሲሰማ በጣም ተቆጣ። መጽሐፉ ያ ምዕራፍ ነው አለኝ። ጠባችን በዚህ ተጀመረ ማለት ይቻላል።

ሁለተኛዋ አንባቢ ሕክምና የምታጠናው ልጅ ነበረች። አሁን ዶክተር ናት፤ ያኔም ዶክተር እንላት ነበር። መጽሐፉን በሁለት ሌሊት ጨርሳ ማብሰያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችውና አንድ ጥያቄ ጠየቀችን።

«ለመሆኑ የጊባሪያን እንግዳ የሆነችው ሴትዮ ስም የላትም?»

ዝም አልን። ማፈራችን ነበር። መጽሐፉን ያነበበ ያስታውሳል። ኬልቪን በጣቢያው መተላለፊያ ላይ መጀመሪያ የሚያያት እንግዳ ግዙፍ ጥቁር ሴት ናት፤ ወገቧ ላይ እንደ ሣር ያለ ሽርጥ ታጥቃለች። በኋላም በሬሳ ማቆያው ቅዝቃዜ ውስጥ ከጊባሪያን አስከሬን ጎን ተኝታ ትገኛለች። እኛ ሦስታችን እዚያ ገጽ ላይ ስንደርስ በየግላችን ደንገጥ ብለን፣ ገጹን ገልጠን፣ ለማንም ሳንናገር አልፈን ነበር። አውቶቡስ ውስጥ ሕፃናት አፍ አውጥተው እያዩን፣ አሮጊቶች ጸጉራችንን ለመንካት እየጠየቁን የምንኖር ሰዎች ነንና ነገሩ እንግዳ አልሆነብንም።

ፊዚክስ ሊከራከርላት ሞከረ። «ደራሲው እኮ የዚያን ሰው ጭንቅላት ነው ያሳየን፤ ነጩ ሳይንቲስት በልቡ የደበቀውን ነገር ነው። ማፈር ያለበት ጊባሪያን ነው እንጂ ሌም አይደለም» አለ።

«ይሁን» አለች ዶክተር። «ሐሪ ግን ትናገራለች። ታለቅሳለች። እኔ ማን ነኝ ብላ ትጠይቃለች። በመጨረሻም ስለራሷ ራሷ ትወስናለች። ያቺ ሴት አንዲት ቃል እንኳ አልተሰጣትም። ሌላውን መረዳት አንችልም የሚል መጽሐፍ በዚህች ቦታ ራሱን አረጋግጧል ማለት ነው።»

እስከ ዛሬ ድረስ ከዚህ የተሻለ ሂስ በሶላሪስ ላይ አላነበብኩም። በኋላ የታርኮቭስኪን ፊልም ስናይ የጊባሪያን እንግዳ ወጣት ነጭ ልጃገረድ ሆና መጣች። ዶክተር ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ይኼኛው ደግሞ ሸሸ» አለችኝ።

አሁን ስለ አባቴ መናገር አለብኝ፤ አለዚያ ቀሪው ነገር አይገባም።

አባቴ ደብረ ብርሃን ውስጥ አናጺ ነበሩ። ያደግንበትን ቤት ማገሩንም ጣራውንም የሠሩት በገዛ እጃቸው ነው። ለጉዞ ስነሳ «ቦሌ ድረስ መጥቼ ልሸኝህ» አሉኝ። «አባዬ፣ ምን ያደክምዎታል፤ ዘመድ ወደ ውስጥ አያስገቡም» አልኳቸው። ዋሽቼ ነበር። እውነቱ አብረውኝ የሚሄዱት የአዲስ አበባ ልጆች የአባቴን በረባሶና የተጣፈ ኮት እንዲያዩብኝ አለመፈለጌ ነው። አባቴ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው አዩኝና «ደኅና፤ እንዳልክ» አሉ። ስለዚህ ነገር ዳግመኛ አልተነጋገርንም። በ1987 የካቲት ላይ የእኅቴ ደብዳቤ ደረሰኝ። አባቴ ጥር መጀመሪያ ላይ አርፈው ነበር። ደብዳቤው በእጄ ሲገባ አርባቸው ሊወጣ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። የምበርበት ገንዘብ አልነበረኝም። ማብሰያ ቤቱ ውስጥ ዶክተር ንፍሮ ቀቀለች፤ ባቄላ ስላልተገኘ በአተር። ፊዚክስ ሌሊቱን ሙሉ አጠገቤ ተቀምጦ አደረ።

የታርኮቭስኪን ፊልም ያየነው ከዚያ በኋላ በዚያው ዓመት ጸደይ ነው። እስከዚያ ድረስ ማየት አይቻልም ነበር። ታርኮቭስኪ በ1984 ሚላን ላይ ወደ አገሩ እንደማይመለስ ካስታወቀ በኋላ ፊልሞቹ ከሲኒማ ቤቶች ጠፍተው ነበር። በ1986 ታኅሣሥ ፓሪስ ላይ በካንሰር ሞተ። አገሩ ሞቱን ስትሰማ ይቅር ያለችው መሰለች፤ ፊልሞቹ መታየት ጀመሩ። ለሞተ ሰው ይቅርታ ማድረግ እንደሆነ በየትም አገር ቀላል ነው።

መጽሐፉ የሚጀምረው ኬልቪን ወደ ጣቢያው ሲወረወር ነው፤ ምድርን አናያትም። ፊልሙ ግን ከአርባ ደቂቃ የማያንስ ጊዜ ምድር ላይ ያቆየናል። ኬልቪን በአባቱ ቤት አጠገብ ባለ ኩሬ ዳር ይቆማል። ውሃው ውስጥ ሣር ይወዛወዛል። ድንገት ዶፍ ይወርዳል፤ በረንዳው ላይ የቀረው የሻይ ሲኒ ዝናብ ይሞላል። አባትና ልጅ በደንብ አይነጋገሩም። ሁለቱም አንድ ነገር ያውቃሉ፤ ልጁ ከሩቅ ጉዞው ሲመለስ አባቱን በሕይወት አያገኛቸውም። ስንብታቸው ግን በቁጣና በዝምታ ያልፋል። እኔ እዚያች ወንበር ላይ ምን እንደሆንኩ አንባቢ ይገምተው።

ከዚያ ጣቢያው ይመጣል። ሊትዌኒያዊው ዶናታስ ባኒዮኒስ ኬልቪንን፣ ናታልያ ቦንዳርቹክ ሐሪን፣ ኤስቶኒያዊው ዩሪ ያርቬት ስናውትን ሆነው ይሠራሉ። በጣቢያው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሰማንያ ሻማ ብርሃን የሚመስል ጸጥታ አለ፤ የብሩገል የበረዶ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ለጥቂት ሴኮንድ የመሬት ስበት ሲጠፋ ኬልቪንና ሐሪ ተቃቅፈው ይንሳፈፋሉ፤ የባኽ ዜማ ይሰማል። መጨረሻው ላይ ኬልቪን ወደ አባቱ ቤት ተመልሶ ይታያል። በመስኮት አሻግሮ ያያል። አባትየው ቤት ውስጥ ናቸው። ዝናቡ ግን የሚዘንበው ውጭ አይደለም፤ ቤቱ ውስጥ ነው። በአባትየው ጀርባ ላይ ይፈሳል፤ እንፋሎት ይነሣል፤ እርሳቸው አያውቁትም። ከዚያ ወደ ደጅ ይወጣሉ፤ ልጁ እግራቸው ሥር ይንበረከካል። ካሜራው ወደ ላይ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ቤቱና ዛፉ ሁሉ በሶላሪስ ውቅያኖስ መሐል ያለ ትንሽ ደሴት ሆኖ እናየዋለን። ያ ቤት ምድር ላይ አልነበረም። የውቅያኖሱ ሥራ ነበር።

መብራቱ በራ። ሰው ሁሉ ወጣ። እኔ መነሣት አቃተኝ። የሲኒማ ቤቱ ጠራጊ ሴትዮ መጥረጊያዋን ተደግፋ ቆየችኝና ምንም ሳትናገር ሌላውን ረድፍ መጥረግ ጀመረች።

በኔቫ ዳር እየሄድን ፊዚክስ «ዋሽቶሃል» አለኝ። የአባቴን ነገር እያወቀ ነው እንዲህ ያለኝ። ጭካኔ እንዳልነበረ አሁን ይገባኛል፤ እንዳልሰጥም ፈርቶልኝ ነው። «መጽሐፉ ውስጥ ስናውት የሚናገረውን ታስታውሳለህ? ሰው ወደ ከዋክብት የሚሄደው ሌላ ዓለም ፈልጎ ሳይሆን መስታወት ፈልጎ ነው ይላል። ታርኮቭስኪ ይህንኑ ሐሳብ ፊልሙ ውስጥ አስገባው። ከዚያ ዞር ብሎ ውቅያኖሱን ራሱን መስታወት አደረገው! ውቅያኖሱ እኮ ስለ አንተ አባት አይገደውም። ጨካኝ ስለሆነ አይደለም፤ ሌላ ነገር ስለሆነ ነው።»

የተናገረው ሁሉ ልክ ነበር። እኔም መልስ አልነበረኝም። «እኔ ግን አባቴን አየሁ» ብቻ አልኩት።

ኋላ እንዳነበብነው ደራሲው ራሱ ከፊዚክስ ወገን ነበር። ሌም ለስክሪፕቱ ውይይት ሞስኮ ድረስ ሄዶ ከታርኮቭስኪ ጋር ለሳምንታት ሲጨቃጨቅ ቆይቶ፣ በመጨረሻ በሩሲያኛ ጅል ብሎት ወደ አገሩ እንደተመለሰ ራሱ ተናግሯል። ሰውየው የሠራው «ሶላሪስ»ን ሳይሆን የዶስቶየቭስኪን «ወንጀልና ቅጣት» ነው ሲልም ወቅሶታል። ለኬልቪን አባትና አክስት ማምጣቱ ደግሞ ፈጽሞ አልተዋጠለትም። የሚገርመው፣ ታርኮቭስኪም ቢሆን ፊልሙን ከሥራዎቹ መካከል እምብዛም አይወደውም ነበር። ሮኬቱና መሣሪያው እንቅፋት ሆነብኝ ባይ ነው።

እኔ በበኩሌ ስለ ሁለቱ ሰዎች ሕይወት ካወቅሁ በኋላ ጠባቸው ሌላ ሆኖ ታየኝ። ሌም በ1921 የተወለደው ልቩቭ በተባለች የፖላንድ ከተማ፣ ከአይሁድ ቤተሰብ ነው። ናዚዎች ሲገቡ በሐሰተኛ ወረቀት ተደብቆ፣ መካኒክና በያጅ ሆኖ እየሠራ ከሞት ተረፈ። ከጦርነቱ በኋላ ከተማዋ ወደ ሶቪየት ኅብረት ተካለለች፤ ዛሬ የዩክሬን ናት፤ ልቪቭ ትባላለች። ቤተሰቡ ንብረቱን ጥሎ ክራኮው ገባ። የልጅነት ከተማው ከነሰዎቹ የጠፋችበት ሰው፣ መጨረሻው ላይ የአባት ቤት ተመልሶ ቆሞ ሲያይ ቢቆጣ ይፈረድበታል? ታርኮቭስኪ ደግሞ የገጣሚው አርሴኒ ታርኮቭስኪ ልጅ ነው። አባቱ ቤተሰቡን ትቶ የሄደው በ1937፣ ልጁ ገና አምስት ዓመቱ ሳለ ነበር። ልጁ በስደት ሞተ፤ አባቱ ከልጁ በኋላ እስከ 1989 ኖሩ። ያንን የጉልበት ሰላምታ በፊልም እንጂ በሌላ አላገኘው ይሆናል። ይህ የኔ ግምት ነው፤ ፊዚክስ «ሥነ ልቦና ጀመርክ» ብሎ ይስቅብኛል።

በ1990 ክረምት ወደ አገሬ ተመለስኩ። ደብረ ብርሃን ስደርስ ሐምሌ ነበር። እኅቴ በአባቴ አልጋ ላይ አነጠፈችልኝ። ሌሊት ዝናቡ ሲመጣ ጠብታ ፊቴ ላይ አረፈ። ቆርቆሮው ዝጎ፣ ሚስማሩ ወላልቆ ኖሯል። እኅቴ በጨለማ መጥታ ጣሳ ደቀነችልኝ፤ አንዱን ራስጌዬ፣ አንዱን ግርጌዬ፣ ሦስተኛውን መሐል ወለሉ ላይ። ጠብ፣ ጠብ ይላል። ያን ጊዜ የፊልሙ መጨረሻ ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅሁ። ለፈረንጅ ተአምር የሆነው ነገር ለእኛ የቆርቆሮ ቀዳዳ ነው! በማግሥቱ ጣራ ላይ ወጥቼ መታሁት። እኅቴ ከታች ሚስማር እያቀበለችኝ «አባባ እኮ ቦሌ ልሸኘው ብለው አዲስ ጋቢ አሠርተው ነበር» አለችኝ። «ሳይለብሱት ሳጥን ውስጥ ቀረ።» መዶሻዬን ይዤ ጣራው ላይ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ።

ጋቢውን ሰጠችኝ። እስከ ዛሬ ለብሼው አላውቅም። ለጓደኞቼም ይህን ነገር ነግሬ አላውቅም ነበር። በመካከላችን ያልተጻፈ ሕግ አለና፤ «አንተ ዘንድ ማን ይመጣ ነበር?» ተብሎ አይጠየቅም። ሶላሪስን የሚወድ ሰው ሁሉ ይህን ጥያቄ በልቡ መልሶታል። ጮክ ብሎ መመለስ ግን ነውር ነው።

ዓመታት አለፉ። ሁላችንም አዲስ አበባ ከተትን። የ1968ቱን የኒረንበርግ ፊልም ኢንተርኔት ከመጣ በኋላ አየነው። በጥቁርና ነጭ የተሠራ፣ ቫሲሊ ላኖቮይ ኬልቪን የሆነበት፣ ሁለት ክፍል ያለው የቴሌቪዥን ሥራ ነው። መጽሐፉን በታማኝነት ይከተላል። ፊዚክስ ወደደው። ዶክተር «ታማኝ ነው፤ እንደ ታማኝ ጸሐፊ» አለች። ከዚያ የዶክተር ልጅ አራተኛ አባል ሆኖ ገባ። እርሱ ሶላሪስን ያወቀው በሶደርበርግ ፊልም፣ ከቪዲዮ ቤት በተከራየው ዲስክ ነው። የታርኮቭስኪው ወደ ሦስት ሰዓት ይጠጋል፤ የሶደርበርጉ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ አይሞላም። እዚያ ውስጥ ሐሪ ሬያ፣ ስናውት ስኖው ሆነዋል። ይህ የሆነው በ1970 የወጣው የእንግሊዝኛ ትርጉም ከፖላንድኛው ሳይሆን ከፈረንሳይኛው የተተረጎመና ስሞቹን የቀያየረ ስለነበር ነው። ከፖላንድኛው በቀጥታ የተተረጎመ እንግሊዝኛ የተገኘው በ2011 ነው፤ በቢል ጆንስተን። ሌም ያን አላየም፤ በ2006 አርፏል። የሶደርበርግን ፊልም በሚመለከት ግን የመጽሐፉ ርዕስ «ሶላሪስ» እንጂ በጠፈር ላይ የተደረገ ፍቅር አይደለም በሚል ዓይነት ተሳልቆበታል። ፊዚክስ ይህን ሲያነብ የተደሰተው ደስታ!

ሶደርበርግ ውቅያኖሱን ትቶታል ማለት ይቻላል። ፊልሙ ስለ ባልና ሚስት ነው። ኬልቪን መጀመሪያ ላይ አትክልት ሲከትፍ ጣቱን ይቆርጣል። መጨረሻ ላይ ምድር የተመለሰ መስሎን ያንኑ ወጥ ቤት እናያለን፤ ጣቱን ይቆርጣል፤ ቁስሉ ግን ወዲያው ይገጥማል። ያን ጊዜ እንዳልተመለሰ ይገባዋል። ሬያ ትጠራዋለች። ወጣቱ ይህን ትዕይንት ይወዳል። ፊዚክስ «የሠርግ ቪዲዮ» ይለው ነበር።

አምና የፊዚክስ ባለቤት አረፈች። ሠላሳ ዓመት አብረው ኖረዋል። ልጆቻቸው ውጭ ናቸው። አርባዋ ከወጣ በኋላ በአንድ እሑድ እኔ ቤት ተሰበሰብን። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ፊዚክስ ወደ ወጣቱ ዞር ብሎ «ያን አጭሩን ፊልም ይዘኸዋል?» አለው። ማንም ምንም አላለም። ልጁ ላፕቶፑን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘ። አየነው። ፊዚክስ አንድ ጊዜም አልተሳለቀም። ጣቱ ሲቆረጥና ቁስሉ ሲገጥም «እስቲ አንዴ መልሰው» አለ። ልጁ መለሰው። «አንዴ ድገመው።» ደገመው።

ከዚያ ፊዚክስ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና «መጽሐፉ አሁንም ልክ ነው» አለ። «የደከምኩት እኔ ነኝ።»

ለአርባ ዓመት ስከራከረው ኖሬ ያሸነፍኩበት ቀን ይህ መሆኑ ነው። ብሸነፍ በወደድኩ።

ዝምታውን የሰበረው ወጣቱ ነው። «ጋሼ» አለው፤ «በመጽሐፉም ቢሆን እኮ ኬልቪን ወደ ቤቱ አልተሳፈረም። ሐሪ ከጠፋች በኋላ ወደ ውቅያኖሱ ወርዶ እጁን ይዘረጋል። ማዕበሉ መጥቶ እጁን ይከብበዋል፤ አይነካውም። እርሱም እንደማትመለስ እያወቀ ተስፋ ሳይኖረው እዚያው ይቆያል። እርስዎ ሁልጊዜ ስለ ውቅያኖሱ ነው የሚነግሩን። እኔ ግን ያችን እጅ ነው የማስታውሳት።»

ፊዚክስ ልጁን ረዘም ላለ ጊዜ አየው። ያን ገጽ ሳይቆጥር ስንት ጊዜ አንብቦታል! ብዙዎቻችን መጽሐፍ የምናነበው ጠበቃ ሆነን ነው። የሚጠቅመንን እናሠምርበታለን፤ ሌላውን ሳናይ እናልፋለን። እኔ የውቅያኖሱን ምዕራፍ ዘለልኩ፤ እርሱ እጅየዋን ዘለለ። ሁለታችንም ያቺን ስም የለሽ ሴት ዘለልናት፤ ያስቆመችን ዶክተር ናት። አንድን መጽሐፍ ሙሉውን ለማንበብ አንድ ሰው አይበቃም ማለት ነው።

ያን ዕለት እኔም ሕጉን ጣስኩ። ስለ ቦሌው ውሸትና ስለ ጋቢው ነገርኳቸው። ፊዚክስ ምንም ሳይናገር ትከሻዬን ጨበጥ አደረገኝ። ባለቤቴ ጀበናውን ይዛ ቆማ ቀረች፤ ጋቢውን ሳጥን ውስጥ ታየው ነበር እንጂ ታሪኩን እርሷም አልሰማችም ነበር። ዶክተር ግን እንደ ልማዷ ጥያቄ ጠየቀች።

«እና ለምን አትለብሰውም?»

መልስ አጣሁ። የመጣችው ሐሪ ልብስ መክፈቻ የሌለው የትዝታ ልብስ ስለሆነ ነው። ይኼኛው ግን እውነተኛ ጥጥ ነው። ተፈትሏል፣ ተሸምኗል፣ በገንዘብ ተገዝቷል። ሊለበስ የተሠራ ነው።

የፊታችን ሐምሌ የሰባ ሁለቱን ልናይ ተቀጣጥረናል፤ ሁሉንም፣ ከኩሬው እስከ ደሴቱ፣ ሳናቋርጥ። ፊዚክስ ያችን ጋዜጣ የለበሰች መጽሐፍ ይዞ እንደሚመጣና የዘለልኩትን ምዕራፍ ጮክ ብዬ እንደሚያስነብበኝ ዝቷል። ክረምት ስለሆነ ይበርዳል። ጋቢውን ከሳጥን አውጥቼ ፀሐይ አስመትቼዋለሁ።